በስንዝር የተለካ ስንጥቅ

ከወገዳ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ወደምትርቀው መንደር መጀመሪያ የሄድኩት የጥያቄ ወረቀት ታቅፌ ነው። ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ሥራዬ አካባቢውን የሚያሰጋው አደጋ ምን እንደሆነ ገበሬውን እየጠየቁ ማጥናት፣ ከዚያም ስለ ጥንቃቄው ማስተማር ነበር።

ሰዉ ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተሰበሰበ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። የሁሉም መልስ ድርቅ ነበር። በረዶውስ ስል ድርቅ፣ ጎርፉስ ስል ድርቅ። ሌላ ነገር ቢያነሱ የእርዳታ ስንዴው የሚቀርባቸው መስሏቸው እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። እኔ ወረቀቴ ስለሞላልኝ ደስ ብሎኝ ልመለስ ተነሣሁ።

የደብሩ የቅኔ መምህር፣ ሁሉም የኔታ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ሊሸኙኝ አብረውኝ ወጡ። ሥራው እንዴት እንደሆነልኝ ጠየቁኝ። በደንብ እንደተሳካ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«እነዚህ ሰዎች የሚፈሩትን አልነገሩሽም» አሉኝ። «እደሪና ነገ ከሴቶቹ ጋር ምንጭ ውረጂ። ወረቀቱን ግን ተይው።»

አደርኩ። ጠዋት ሴቶቹ ጀሪካን አሸከሙኝና አቀበቱ ላይ ስንገዳገድ ሲያዩ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ ወሬው ተከፈተ። ምንጩ ከድሮ ቦታው ወደ ታች እየወረደ መሄዱን፣ ዝናብ ሳይኖር ውሃው የሚደፈርስበት ቀን መብዛቱን እየተቀባበሉ አወሩልኝ። ከመካከላቸው ባላቸው የሞተባቸው፣ ቀጠን ያሉ አንዲት እናት ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። ሌሎቹ ሲበተኑ እጄን ይዘው ከቤቶቹ በላይ ወዳለው የገብስ ማሳቸው ወሰዱኝ። መሬቱ በረዥሙ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተተክሏል።

«ዐምና ክረምቱ ሲወጣ አራት ጣት ነበር» አሉና እጃቸውን በችካሎቹ መካከል ዘረጉ። «አሁን ስንዝር አለፈ።»

ለማን እንደነገሩ ጠየቅኋቸው። ለዋርሳቸው፣ ማለት ለሟቹ ባላቸው ታናሽ ወንድም፣ ነግረውት ኖሯል። እሱም በበጋ መሬት መሰንጠቁ ምን ይገርማል ብሎ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲያ ለማንም አልተናገሩም፤ መለካቱን ግን አልተዉም። አፈርኩ። እኔ ላጠናው የመጣሁትን ነገር እሳቸው ዓመት ሙሉ በእጃቸው ሲያጠኑት ከርመዋል።

በሚቀጥለው እሑድ ያለ ወረቀት ተሰበሰብን። ሰዉ ራሱ መንደሩን መሬት ላይ ሠራው፤ ቤተ ክርስቲያኑን በድንጋይ፣ ጅረቱን በአመድ፣ ቤቶቹን በኩበት። እኚያ እናት ጎንበስ ብለው ስንጥቁ በሚያልፍበት ላይ ገመድ ዘረጉ። ከገመዱ በታች ሰባት ኩበት ቀረ። ከሰባቱ አንዱ የዋርሳቸው ቤት ነበር፤ እሱም የአባቱን ቤት ጥሎ እንደማይሄድ ተናግሮ ተነሥቶ ወጣ። የቀሩት ግን ስንጥቁ ክንድ ሲሞላ ደወል እንዲደወል፣ ሰባቱም ቤተሰብ ወደ ደጀ ሰላሙ እንዲወጣ ተስማሙ። የትምህርት ቤቱ መምህርም ተማሪዎቹን ይዞ በየሳምንቱ ማስለካት ጀመረ።

ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ለቀናት አላባራም። እኔ ወገዳ ነበርኩ፤ የሆነውን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኚያ እናት እየሮጡ የኔታ ዘንድ ሄደው ክንድ ሞልቷል አሉ። ደወሉ ተደወለ። ስድስቱ ቤተሰብ ዕቃውን ተሸክሞ ወጣ። የዋርሳቸው ሚስትም ልጆቿን ይዛ ተከተለች። እሱ ብቻ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የኔታ ለመኑት፣ እምቢ አለ። እናትየዋ ግን አልለመኑትም። ጋጣውን ከፍተው እንደ ዓይኑ የሚያየውን በሬውን ፈቱና ዳገቱን ይነዱት ጀመር። እሱ እየጮኸ ተከተላቸው፤ እሳቸው ደጀ ሰላሙ እስኪደርሱ ዘወር ብለው አላዩትም። እዚያ ሚስቱን ሲያይ፣ አፍሮም ይሁን ደክሞት፣ ከጎኗ ቁጭ አለ።

በማግስቱ ሕዝቡ ለቅዳሴ እንደቆመ ተራራው ተናደ። አራት ቤት ከነማሳው ተቀበረ፤ አንዱ የእሱ ነበር። ሰው ግን አልጎደለም።

ጭቃውን እያቦካሁ በሦስተኛው ቀን ደረስኩ። እናትየዋን ሳቅፋቸው እንባዬ መጣ።

«አታልቅሺ፣ ሁላችንም አለን» አሉኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ክንድ አልሞላም ነበር። ያን ቀን በዚያ ሁሉ ዝናብ መሐል ምንጩ ደርቆ አገኘሁትና ተራራው ሊናድ ነው ብዬ ፈራሁ። ክንድ አልሞላም ብላቸው ማን ይነሣልኝ ነበር?»

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በሄድኩበት መንደር ሁሉ ሰውን ሳስተምር ምንጩን ተመልከቱ እላለሁ። ማን እንዳስተማረኝም እነግራቸዋለሁ።

ቤት ያጡት ከቤተ ክርስቲያኑ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ሠሩ። ዋርሳቸው አመሰግናለሁ ያለበት ቀን ስለመኖሩ አላውቅም። በሚቀጥለው የእርሻ ወራት ግን እናትየዋ ከጅረቱ ማዶ ወደተረፈላቸው ቁራሽ ማሳ ሲወርዱ፣ ሳይጠይቁት ታርሶ፣ ተለስልሶ አገኙት። የራሱን ገና አልጀመረም ነበር።