ፀሐይ ወንድ የሆነበት ቤት

አራተኛ ክፍል እያለሁ ለሁለት ሳምንት ሙሉ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አፌን አልከፈትኩም። ምክንያቷ ፀሐይ ነበረች። ቲቸር፣ ከጎጃም ተመድባ ወደ ሶዶ የመጣች ረጋ ያለች ወጣት፣ ስለ ጠዋት አንድ ዓረፍተ ነገር እንድንናገር ጠየቀችን። ከሁሉም ቀድሜ እጄን አወጣሁና «ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይ ወጣ» አልኩ። የመንግሥት ሠራተኞች ልጆች ከሚቀመጡበት ረድፍ ሳቅ ተነሣ። ብሩክ የሚባለው ልጅ «ሱሪ ለብሶ ነው የወጣው?» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ሱዚ ስንዘል እንኳ፣ ስሜ «አቶ ፀሐይ» ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ቤት የሚነገረው ወላይትኛ ነው። በወላይትኛ ፀሐይ «አዋ» ይባላል፤ ሲወጣም ሲገባም እንደ ወንድ ነው የምንናገርለት። አማርኛን የለመድነው ከገበያና ከትምህርት ቤት ስለሆነ የቤታችንን ፀሐይ ይዘን ክፍል እንገባለን። ያኔ ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የማውቀው ማፈሬን ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቲቸር እናቴን አስጠራቻት። «ሰኞ የቃል ፈተና አለ፤ ካልተናገረች ዜሮ ልሰጣት ነው» አለቻት። እናቴ መንገዱን ሁሉ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እያለች መጣች፤ ቤት ሳንደርስ ግን ወደ ጎረቤታችን ወደ ጋሼ ዳና ግቢ ታጠፈች።

ጋሼ ዳና በከተማችን በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ጥንታዊ ግሪክና ላቲን ያስተምሩ ነበር። የሞተ ቋንቋ ነው ስለተባለ የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ዳና፣ ዛሬስ ሙታኑ ምን አሉ?» እያለ ይቀልድባቸዋል። ቤታቸው የተቀቀለ ጎደሬና የድሮ ወረቀት ይሸት ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ከመድኃኒት ካርቶን የተቆረጡ ካርዶች ተደርድረዋል፤ በአንዱ ገጽ የግሪክ ወይም የላቲን ቃል፣ በሌላው የወላይትኛና የአማርኛ ፍቺው።

እናቴ ነገሩን ስትነግራቸው ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉ!

«ፀሐይ ወጣ አልሽ? ጎሽ! ግሪኮቹ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ?» ካርዶቹን አተራመሱ። «ይኸው፣ ሄሊዮስ! ፀሐይ ማለት ነው፤ ወንድ ነው! ላቲኖቹም ሶል ይሉታል፤ እሱም ወንድ!»

ልቤ ዘለለ። ግሪክ የት እንዳለች አላውቅም፤ ግን በእኔ በኩል መሆኗ ገብቶኛል።

«ግሪክ በስም ፊት ትንሽ ቃል ታስቀድማለች» ብለው ቀጠሉ። «ለወንዱ ሆ፣ ለሴቷ ሄ፣ ከሁለቱም ላልሆነው ቶ። ልጅ ራሱ ቶ ነው።»

«ታዲያ እኔ ሴት አይደለሁም?»

«በግሪክ ገና አልተወሰንሽም!» እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች።

ከዚያ የራሳቸውን አወሩልኝ። በበዴሳ ገጠር የተወለዱ የገበሬ ልጅ ናቸው። ውጭ አገር የትምህርት ዕድል አግኝተው ላቲን በጀመሩ በወሩ ሰሌዳ ፊት አቆሟቸው። «አግሪኮላ» ገበሬ ማለት ነው፤ መጨረሻው የሴት ይመስላል እንጂ ወንድ ነው። እሳቸው መጨረሻውን አይተው ሴት አደረጉት።

«የገበሬ ልጅ ሆኜ አባቴን ቀሚስ አለበስኩት! ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ሻንጣዬን ሸክፌ ነበር። ኋላ ግን፣ ዝም ብዬ ከሄድኩ በእጄ የሚቀረው ስህተቱ ብቻ ነው አልኩና ተመልሼ አስተማሪውን ‹ለምንድን ነው?› ብዬ ጠየቅሁት። ይኸው እስከ ዛሬ ሥራዬ ‹ለምን?› ብሎ መጠየቅ ነው።»

ስንወጣ በር ላይ አስቆሙኝ። «በአማርኛ ግን ወጣች በይ። ሰው ቤት ሲገባ እንደ ባለቤቱ ልማድ ነው።»

ሰኞ ስሜ ሲጠራ ብድግ አልኩ። «ዝናቡ ቆመ፤ ፀሐይ ወጣች» አልኩ። ብሩክ ከኋላዬ «አቶ ፀሐይ ቀሚስ ገዛ!» አለ። አልተቀመጥኩም።

«ቲቸር፣ በወላይትኛ ፀሐይ ወንድ ነው። በግሪክም ወንድ ነው፤ በላቲንም። በአማርኛ ለምንድን ነው ሴት የሆነችው?»

ቲቸር ጠመኔዋን አስቀመጠች። «አላውቅም» አለች። አስተማሪ አላውቅም ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀጥላም ፈገግ ብላ «እስቲ ወላይትኛ የምትችሉ፣ በእናንተ ቋንቋ ሌላስ ወንድ የሆነ ምን አለ?» አለች። ዓመቱን ሙሉ ድምፃቸውን ሰምተን የማናውቅ ልጆች ሁሉ እጃቸውን አወጡ፤ ግማሾቹ አግዳሚው ላይ ቆመው! ብሩክም ሳይወድ «አዋ» ማለትን ተለማመደ፤ እኛም በተራችን አነጋገሩን እያረምን ሳቅንበት።

ዛሬ ቦምቤ በምትባል የወላይታ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ሄሊዮስን በስልክ በአንድ ጣት ያገኙታል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ያኔ ለእኛ የሚጠየቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሲመልስ ግን ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር። የግሪክ ክፍላቸው ተማሪ አጥቶ ከተዘጋ ወዲህ ጋሼ ዳና ጡረታ ወጥተው በዴሳ ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። አጎንብሰው «ያ ሁሉ ድካሜ ለአንድ ሰው እንኳ ጠቅሞ ይሆን?» አሉኝ። መናገር ጀመርኩ። ስለ ክፍሌ፣ ስለ ልጆቹ፣ ጠዋት ስለጠየቁኝ ጥያቄ፣ ሳላቋርጥ አወራሁ፣ አወራሁ። በመጨረሻ እየሳቁ እጃቸውን አነሱ፤ «በቃ ልጄ፣ በቃ፤ ገባኝ!»