የተቀየረችው አሥር ሳንቲም

ባለፈው ሳምንት ልጄ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ሲፈታታ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ሳንቲም ዘሎ ማግኔቱ ላይ «ጠቅ» ብሎ ተለጠፈ፤ ያቺ ድምፅ ወዲያው ይዛኝ የትውልድ መንደሬ ቀየት ገባች፣ አባቴ ሬዲዮ ይጠግንባት ከነበረችው ጠባብ ክፍል።

ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋና ጉሙ ከደጃፋችን አልነሣ ሲል፣ የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ከአባቴ ጎን እየተቀመጥኩ፣ «አባዬ፣ ለእኔም ሬዲዮ ሥራልኝ» እያልኩ አደርቀው ነበር። እሱ ቶሎ እሺ የሚል ሰው አልነበረም፤ ነገርን እንቆቅልሽ ካላደረገ አይዋጥለትም። አንድ ቀን ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ሰጠኝና ባለ አሥር ሳንቲም ፍራንኮች ላይ እንድሞክረው ነገረኝ። ጉድ ነው፣ መልካቸው አንድ ሆኖ ሳለ የድሮዎቹን ማግኔቱ ዞር ብሎ አያያቸውም፣ አዲስ የወጡትን ግን ገና ሲጠጋቸው ይይዛቸዋል። ያን ክረምት ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

መስከረም ላይ አባቴ ሰባት ፍሬ አሥር ሳንቲም በጣውላ ላይ በሰም በተራ ለጥፎ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «ነገ ከደጃችን ተነሺ፤ መንገዱ በተከፈለ ቁጥር በተራ አንዱን ሳንቲም ጠይቂ። ማግኔቱ ከያዘው ወደ ቀኝ፣ ካልያዘው ወደ ግራ። መጨረሻው ላይ ቆፍሪ፤ የለመንሽኝ ነገር በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጦልሻል» አለኝ።

በማግስቱ ማርያም ነበረች። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፣ ጉሙም ገለጥ አለ፣ እኔም ጣውላውን ታቅፌ ወጣሁ። ስድስቱ ሳንቲሞች መሩኝ፤ ሰባተኛዋን ማግኔቱ ሲይዛት ወደ ቀኝ ታጥፌ ከእትዬ አስካለ ካብ ሥር ደረስኩ። እትዬ አስካለ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ድንበር ላይ በበቀለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው ሁለት ዓመት ሰላም አልተባባሉም ነበር፣ እኔም ደጇን እንዳልረግጥ ተከልክያለሁ። ፈራሁ፤ የሬዲዮው ጉጉት ግን አሸነፈኝና ካቡን ማፍረስ ጀመርኩ።

«አንቺ፣ የማን ቤት መሰለሽ?» አለችኝ ከኋላዬ ቆማ።

እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት። ማግኔቱን ተቀብላኝ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ስትሞክር፣ አንዱ ጠቅ ባለ ቁጥር ፊቷ እየተፈታ ሄደ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጄን ይዛ ወደ ቤታችን ወሰደችኝ፤ ልትከሰኝ መስሎኝ መንገዱን ሁሉ እግሬን ጎተትኩ።

አባቴ በሩ ላይ ሲያያት የያዘውን ጉጠት ማስቀመጥ ረሳ። «ያንተ ማግኔት ልጅቷን ካቤን አስፈረሳት» አለችው። ጣውላውን ተቀብሎ ሞከረና ሰባተኛዋ ላይ ሲደርስ፣ «ይህቺን እኔ አለጠፍኳትም፤ የእኔዋን ማግኔት አይዛትም ነበር» አለ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ጠዋት የክት ልብሴን ስለብስ መቀነቴን ቀይሬ ሳንቲም አጣሁና፣ ለሙዳየ ምጽዋት አንዷን ነቀልኩ። ስመለስ ከአሮጌው መቀነቴ ፈትቼ ተካሁ። አሥር ሳንቲም ወስጄ አሥር ሳንቲም መለስኩ፣ ምን አጎደልኩ?»

መጀመሪያ የሳቀችው እትዬ አስካለ ነበረች። አባቴ ትንሽ ታገለና ተከተላት። «እትዬ፣ ካፊያ ጀምሯል፣ ግቢ» አላት፤ ገባች።

ሣጥኑን በግራው መታጠፊያ ከአንዲት የጅብራ ተክል ሥር ቆፍሬ ሳወጣ ሁለቱም አጠገቤ ቆመው ነበር። ሬዲዮዋ መዳፌን የማትሞላ ሆና ጥርት አድርጋ ትናገር ነበር። በበጋው ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ለሁለቱም ቤት ማገር ሆነ፤ እትዬ አስካለም ከሰዓት በኋላ እየመጣች በገዛ ሬዲዮዬ ጣቢያ ቀይሪ እያለች ታዘኝ ነበር። ይቆጨኝም ደስ ይለኝም ነበር።

ዛሬ ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሰው የደበቀውን ሣጥን በስልክ እየተመራ ይፈልጋል፤ ስልኩ ታጠፍ ሲለው ይታጠፋል፣ ሳይሳሳት አግኝቶ በጊዜ ይመለሳል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ጣውላዋ ግን አሁንም ግድግዳዬ ላይ ናት። የድምፅ ማጉያውን ማግኔት ይዞ መጥቶ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ ሞከረና፣ ታሪኩን ስነግረው፣ «እማ፣ ታዲያ ሰባተኛዋ ተሳስታለች እኮ፣ በትክክለኛዋ ልተካት?» አለኝ።

«ተሳስታለች፣ ተዋት» አልኩት።