ቁጥር አሥራ አንድ እና የግርማ ግራ ትከሻ

ሰኞ ማለዳ ከድሬዳዋ የተነሣሁት አገር ለማየት አልነበረም። እህቴ በላይነሽ ወንድ ልጅ ከተገላገለች ሠላሳ አራት ቀን ሆኗታል፤ በመጪው እሑድ ልጁ አርባ ቀኑን ሞልቶ ክርስትና ይነሣል። አባቱ ግርማ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሲሚንቶ ጭነት ይሸከማል። ባለፈው ሳምንት በአንድ የባቡር ሠራተኛ እጅ የላከው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የሚጋባ የቆዳ በሽታ አለብህ ብለውኛል። ከሥራም አስወጥተውኛል። ልጁን እንዳልነካው እዚሁ እቀራለሁ። ክርስትናውን ያለ እኔ አንሡት።»

በላይነሽ ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። «ሂድና አምጣልኝ» አለች። «በሽተኛም ቢሆን ይምጣ። በር ላይ ቆሞ ይየው።»

በኪሴ የግጥም ደብተሬን ይዤ ሄድሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ የአማርኛውን ፊደል ከጎረቤት፣ የፈረንሳዩን ከባቡር ጣቢያ ሣጥኖች ላይ ነው የለቀምሁት።

በባቡር ላይ

በሦስተኛ ማዕረግ የእንጨት ወንበር ላይ፣ በአንድ በኩል ብርቱካን የጫነች ሴት፣ በሌላ በኩል አንድ የኢሳ ሽማግሌ አጅበውኝ ተቀመጥሁ። ከድንበሩ ጣቢያ ከደወሌ በኋላ ምድሩ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆነ። ደብተሬን አውጥቼ «እሳት በልቶ የተፋው ምድር» ብዬ ጻፍሁ። ሽማግሌው ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝና አነበብሁላቸው።

ሳቁብኝና በተሰባበረ አማርኛ መለሱልኝ። «ማን ነገረህ እሳት? እዚያ ማዶ ዝናብ ሲጥል ግመሎቼ ይበላሉ። እኔን አልጠየቅህ።»

አፈርሁ፤ መስመሩን ግን አልሰረዝሁትም። ስንኙ ደስ ብሎኝ ነበር።

ካርቲዬ ሁለት፣ ሰኞ ማታ

ጅቡቲ ስንደርስ ፀሐይ ገብታ ነበር፤ ሙቀቱ ግን አልገባም። ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ያለው የግርማ ቤት በእንጨትና በሰሌን የተሠራ፣ አራት ጫኞች የሚኖሩበት አንድ ክፍል ነው። ልጨብጠው እጄን ብዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸ። የራሱ ጣሳ ለብቻው በሽቦ ተሰቅሏል። የመናውያን የሚሸጡትን በምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በስስ ቂጣ ገዛሁ፤ ድርሻውን ይዞ ደጃፉ ላይ ለብቻው በላ።

«ጋሼ ግርማ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ምንም። እጄን አየ፣ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ጸሐፊው አሥራ አንድ ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ በመዝገቡ እከክ ነው አሉኝ።»

ማክሰኞ

ንጋት ላይ ቧንቧው ዘንድ ሲታጠብ አየሁት። እጆቹ እስከ ክርናቸው ቀልተው ተሰነጣጥቀዋል። የገረመኝ ግን ጀርባው ነው። ቅላቱ ከአንገቱ ሥር ይነሣና የግራ ትከሻውን ሸፍኖ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቀኙ ንጹሕ ነው።

«ሲሚንቶ በየትኛው ትከሻህ ነው የምትሸከመው?»

«በግራ።»

«አብረውህ ከሚያድሩት የሚያሳክከው አለ?»

አሰበና «የለም» አለ። «ላቤ ሲያርሰው ዱቄቱ ያቃጥለኛል። ግን እከክ ነው ካሉ…»

«ትከሻህን ለሐኪሙ አሳይተኸዋል?»

«ኮቴን ቆልፌ ነበር። ሐኪም ፊት በሲሚንቶ ልብስ ልቅረብ እንዴ? ኮቱንም ተውሼ ነው!»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ለክብር ብሎ የለበሰው ኮት ሲሚንቶው ያቃጠለውን ትከሻ ደብቆታል። ዛሬ በሥራ ልብሱ፣ ባዶ የሲሚንቶ ጆንያ ይዞ እንዲሄድ ለመንሁት። «አዋረድኸኝ» እያለ ተከተለኝ።

የወደብ ሠራተኞች ሐኪም ቤት ፊት ሰልፉ እስከ መንገድ ወጥቷል። መዝገቡን የሚይዙት ጸሐፊ አቶ አብዱላሂ የሐረር ሰው ናቸው፤ ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛና ሶማሊኛ እያፈራረቁ ይናገራሉ። ግርማን ሲያዩ «ምነው፣ ኮትህን ሸጥኸው?» አሉት። ጉዳዩን ነገርኋቸው።

«አንተ ደግሞ ምንድን ነህ? ሐኪም?»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

«ይኸውልህ! ደብተር የያዘ ሁሉ መዝገቤን ሊያርም ይመጣል።»

«አቶ አብዱላሂ፣ ከሥራ የሚመጣ የቆዳ መቆጣት ቁጥር የለውም?»

«አለው። ሃያ ስድስት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሃያ ስድስት ግን ሦስት ጥያቄ አለው። ቆዳውን የነካው ምንድን ነው? የት ላይ? ከመቼ ጀምሮ? ሦስቱም ይጻፋሉ። አሥራ አንድ ጥያቄ የለውም። ሰልፉን አየኸው?»

አየሁት። በእውነት ረጅም ነበር። ግርማን ሸሚዙን አስወለቅሁትና ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣልሁት። ጆንያው ያረፈበት ሁሉ ቀይ ነው፤ ጆንያው ያበቃበት ቅላቱም ያበቃል። አቶ አብዱላሂ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሐኪሙን ጠሩ።

ሐኪሙ፣ ፀጉሩ የሸበተ ፈረንሳዊ፣ ጆንያውን ሁለት ጊዜ አነሣው፣ ሁለት ጊዜ መለሰው። በግርማ ጣቶች መካከል እከክ ፈልጎ አጣ። ከዚያ ተቆጣ። አቶ አብዱላሂ ተረጎሙለት፦ «ያን ዕለት ለምን አላወለቅህም ይልሃል።»

«ሐኪም ፊት ራቁቴን ልቁም?»

«ታዲያ የት ልትቆም ነው፣ ገበያ?» አሉት አቶ አብዱላሂ።

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ ግርማም ሳቀ። ከመጣሁ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

መዝገብ አይፋቅም። አቶ አብዱላሂ አሥራ አንድ ላይ ቀጭን መስመር አሰመሩና ከጎኑ ሃያ ስድስት ጻፉ። ከዚያ ጥያቄዎቹን ጠየቁ። ግርማ ስለ ላቡ፣ ስለ አቧራው፣ ስለ መርከቦቹ ብዙ ተናገረ። እሳቸው «ሲሚንቶ፤ ግራ ትከሻ፣ አንገት፣ ሁለት እጅ፤ ሦስት ወር» ብለው አሳጠሩት። ነጭ ቅባት ሰጡት። ቆዳው እስኪድን ሲሚንቶ አይሸከምም፤ የማይጋባ መሆኑም ተጽፎ በወረቀት ተፈረመለት።

ወረቀቱን ለአለቃው አሳየን። አለቃው «ሲመለስ ሌላ ጭነት ካለ እናያለን» አለ። «ካለ» ነው ያለው። ቁጥሩ ታረመ እንጂ ሲሚንቶው ከመርከብ መውረዱን አላቆመም።

ሐሙስ፣ ወደ ቤት

በመመለሻችን ያ ጥቁር ድንጋይ እንደገና በመስኮቱ አለፈ። ደብተሬን ከፍቼ «እሳት በልቶ የተፋው ምድር» ላይ ቀጭን መስመር አሰመርሁበት። አቶ አብዱላሂን ስወቅሳቸው ሰንብቼ ነበር፤ እኔ ግን ሽማግሌውን ሳልጠይቅ ስጽፍ ሰልፍ እንኳ አልነበረብኝም።

በላይነሽ ደጃፉ ላይ ነበረች። ግርማ ደረጃው ሥር ቆሞ ወረቀቱን ዘረጋላት። ማንበብ ስለማትችል ላነብላት እጄን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው።

«የት ላይ ነው?» አለችው።

የውሰት ኮቱን ከነሸሚዙ አወለቀና ትከሻውን አሳያት። ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጣቷም የቅላቱን ዳር ዳር ነካችው። ከዚያ ገብታ ልጁን አመጣችና በቀኝ ትከሻው ላይ አስተኛችለት።