ሐሙስ የተቀዳ ቅዳሜ

ከመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ከሁሉ በላይ የማስታውሰው አንዲት ቃል ናት፤ «ዛሬ»። ቡራዩ ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ትንሽ የኤፍ ኤም ጣቢያ በጀማሪ ሪፖርተርነት ስገባ፣ ዋና አዘጋጁ ጋሽ ወርቁ አንድ ሪከርደር፣ አንድ ሄድፎንና አንድ ገጽ ዜና ሰጡኝ። ዜናው ሰበታ አጠገብ ስለተመረቀ የውኃ ጉድጓድ ነበር። «ትናንት ተመረቀ» ብዬ ሳነብ ከመስታወቱ ወዲያ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ እኛ ቤት ትናንት የሚባል ነገር የለም። ዛሬ በይ።»

«የተመረቀው ግን ትናንት ነው።»

«አድማጩ የሚሰማሽ ዛሬ ነው።»

ቴክኒሽያኑ በላቸው ሚክሰሩ ላይ አቀርቅሮ ሳቀ። ደግሜ አነበብኩ፤ «ዛሬ» አልኩ። የስርጭቱ ቀይ መብራት በራ። ድምፄ በዚያች ቅጽበት ሰበታም ሱሉልታም መግባቱን ሳስብ ስለ አንዲት ቃል የምጨነቅበት ፋታ አልነበረኝም።

ከጀማሪ ሪፖርተር ወደ ሪፖርተር፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሪፖርተር አደግኩ። ቡራዩን፣ ሰበታንና ሱሉልታን በሚኒባስና በባጃጅ አዳረስኳቸው። በጥንቃቄዬ እታወቅ ነበር። የሰው ስም ሳልጠይቅ አልጽፍም፤ ጽፌም ለባለቤቱ መልሼ አነብለታለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው በቀን፣ በሰዓትና በቦታ ነው።

ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት የወጣቶች ሙዚቃ ዝግጅት ነበረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ስለሚጠፋና ጄኔሬተሩ ማሠራጫውን እንጂ ስቱዲዮውን ስለማይችል፣ ሐሙስ እንቀዳና ቅዳሜ «በቀጥታ» እናስተላልፍ ነበር። ሁሉም አዘጋጅ እንደዚያ ያደርጋል። ማንም ውሸት ብሎ አልጠራውም፤ «አሠራር» ነበር ስሙ።

ኬላን መጀመሪያ የሰማሁት ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከሾፌሩ ስልክ አንድ ልጅ በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይጨርሳል፤ ትንፋሽ የት እንደሚወስድ አይታወቅም።

«ኬላው ጋ ስደርስ ይሉኛል ቁም፣
ድምፄ አልፎ ሄዷል እኔ ብቆምም።»

«ማነው ይሄ?» አልኩት ሾፌሩን።

«ኬላን አታውቂውም? ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሬዲዮ ጣቢያ።»

«ለዚህ ነዋ» አለና ድምፁን ጨመረው።

ሰበታ ስደርስ ወርጄ ሌላ ባጃጅ ያዝኩና የልጁን ሰፈር አፈላለግሁ። እውነተኛ ስሙ ያቤጽ ነው። እናቱ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራሉ፤ እሱ በቤተ ክርስቲያናቸው ኳየር አድጎ ቡራዩ ቤት ተከራይቶ ወጥቷል። በሳምንቱ ሱሉልታ ኳስ ሜዳ ላይ በቆመ አይሱዙ መኪና ላይ ወጥቶ ሲሠራ አየሁት። ማይኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። ሁለቱንም ጊዜ ሕዝቡ ከተቋረጠበት ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ዘለቀ፤ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ይሰማቸዋል። በሙያዬ ብዙ መድረክ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ማስታወሻዬን ትቼ ከሕዝቡ ጋር የዘፈንኩበት ግን የለም።

ከመኪናው ጎን አንድ ዝምተኛ ወጣት ላፕቶፕ ላይ አጎንብሶ ነበር። ጠጋ ብዬ ስሙን ጠየቅኩት። ገመቹ ይባላል፤ የሱሉልታ ልጅ ነው። የኬላን ሙዚቃ ምት የሚሠራው እሱ መሆኑን በቀላሉ በማይታይ ፈገግታ ነገረኝ። ጻፍኩት።

ኬላን ለዝግጅቴ ጋበዝኩት። ሐሙስ ጠዋት ብቻውን መጣ። በር ላይ የጥበቃው መዝገብ ላይ ፈረመ፣ ሦስቱን ፎቅ ሮጦ ወጣ፣ ስቱዲዮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ነካካ።

«ማዘር፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«እናትህ ሰበታ ናቸው። እኔ ሰናይት እባላለሁ። እሷን ደግሞ አትንካት።»

«እሺ ማዘር።»

በላቸው ድምፅ ሲያስተካክል ኬላ ለሙከራ ብሎ ያልተጻፈ፣ እዚያው የፈጠረውን ነገር ለቀቀው። ስለ በላቸው ሹራብ፣ ስለ ደረጃው ብዛት፣ ስለ እኔ መነጽር። እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ቃለ መጠይቁን ጀመርን። «ሙዚቃውን ማን ያቀናብርልሃል?» አልኩት። «ራሴ ነኝ» አለ። ደብተሬ ውስጥ የገመቹ ስም ተጽፎ ነበር። ሳላቋርጠው ወደሚቀጥለው ጥያቄ ሄድኩ፤ ወሬው ሞቆ ስለነበር።

ቅዳሜ ዝግጅቱ ተላለፈ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ስልክ እየጮኸ ነበር። ገመቹ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱሉልታ እናቱ ግቢ ውስጥ ስቱዲዮ ባደረጋት ክፍል፣ በማይክ መቆሚያ ብረት ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቷል። ፖሊስ ኬላን ይዟል።

ሥራዬን ሠራሁ። መጀመሪያ «ተጠርጣሪ»፣ ክስ ሲመሠረት «ተከሳሽ»፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ኬላ ለፖሊስ ቃል አልሰጠም። ከችሎቱ ውጭ አድናቂዎቹ ዘፈኖቹን ከፍተው ይቆማሉ፤ ከተማው ሁሉ ስለዚህ ነገር ያወራል። በሙያዬ እንደዚያ ወቅት የተጠማ አድማጭ አላየሁም። በየቀጠሮው ከሁሉ ቀድሜ ፊት ወንበር እይዝ ነበር።

ዋናዋ የዐቃቤ ሕግ ምስክር የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ ነበሩ። የሱሉልታ ችሎት በኦሮምኛ ነው፤ እሳቸው ረጋ ብለው መሰከሩ። ግቢው ውስጥ ገብስ እያሰጡ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ሬዲዮው ላይ ኬላ «ራሴ ነኝ» ሲል ሰሙ፤ ወዲያው ልጃቸው ሲጮህ፣ ኬላም ሲመልስለት ሰሙ። ከዚያ የሚወድቅ ነገር። ሲሮጡ አንድ ሰው በበሩ ወጣ፤ ጀርባውን ብቻ አዩ።

የተከሳሹ ጠበቃ ተነሣ። «ሬዲዮው ላይ የነበረው የማን ድምፅ ነው?»

«የእሱ።»

«ክፍሉ ውስጥ የነበረውስ?»

«የእሱ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ ጋ እየመጣ ስንት ጊዜ አብልቼዋለሁ። ድምፁ ይጠፋኛል?»

ጠበቃው «ጨርሻለሁ» ብሎ ፈገግ እያለ ተቀመጠ። ለምን ፈገግ እንዳለ አልገባኝም። ለእኔ የአዴ ጫልቱ ቃል ምንም ግር የሚል ነገር አልነበረውም፤ ሬዲዮው ላይ ያለው ቅጂ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰውዬው ነው።

በመከላከያ ማስረጃው ቀን ገባኝ። ጠበቃው ከጣቢያችን የተጻፈ ደብዳቤ አቀረበ፤ ዝግጅቱ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት መተላለፉን ያረጋግጣል። ከቃላቱ አንዱም ሐሰት አልነበረም። ቀጥሎ የዝግጅቱን ቅጂ አስከፈተ። የራሴ ድምፅ ችሎቱን ሞላው፤ «ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እንግዳዬ ኬላ እዚሁ ቡራዩ ስቱዲዮ አጠገቤ ተቀምጧል።» ኬላም፤ «ዛሬ ቅዳሜ ከእናንተ ጋር በመሆኔ ደስ ብሎኛል።»

«አንድ ሰው» አለ ጠበቃው፣ «በአንድ ሰዓት ቡራዩም ሱሉልታም ሊገኝ አይችልም። ሐዘን የእናትን ጆሮ ያምታታል።»

ከኋላ አድናቂዎቹ ሳቁ። አዴ ጫልቱ ዞረው አላዩም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ኬላ ፊት ለፊቱን እያየ ነበር፤ እዚያ መቀመጤን ግን ያውቃል።

ከሱሉልታ ቡራዩ እስክደርስ ሁለት ሚኒባስ ቀየርኩ። በሁለቱም ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ወደፊት ወደፊት እያልኩ ሾፌሩን የምገፋው ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ደብዳቤውን ማን ጻፈው?»

«እኔ። ጠበቃው ተላለፈ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ተላልፏል አልኩት። ምን ሆንሽ?»

ነገርኳቸው። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው መልሰው ሰቀሉት።

«ሰናይት፣ ስንቱን ዝግጅት ነው ቀጥታ ያልነው? ይህን ካወራን ነገ ማን ያምነናል?»

«አዴ ጫልቱን ማን አመናቸው?»

«ማን አስተማረሽ ብለው ቢጠይቁሽስ?»

«ጋሽ ወርቁ ናቸው እላለሁ።»

ተነሡ። ወደ በሩ ወርደው የጥበቃውን መዝገብ ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ። ሐሙስ፤ የኬላ ፊርማ፤ የገባበት ሰዓት። ቅዳሜ ገጽ ላይ የለም።

መዝገቡ ብቻውን አይበቃም። ያልተቆረጠውን ጥሬ ቅጂ ፈለግኩ። በላቸው ራሱን አከከ፤ ጥሬ ቅጂዎችን ሰኞ ሰኞ ያጠፋቸዋል።

«ጠፍቷል ማለት ነው?»

«የሌላው ሁሉ ጠፍቷል።» አፍሮ የቁልፍ መያዣውን አወጣ፤ ፍላሽ ዲስክ ተንጠልጥሎበታል። «ይሄን ግን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ስለ ሹራቤ ያለውን ታስታውሻለሽ? እንዴት አድርጌ ላጥፋው።»

ከፈትነው። መጀመሪያ የሹራቡ ግጥም። ሁለታችንም ሳንወድ ራሳችንን ነቀነቅን፤ አሁንም ድንቅ ነበር። ከዚያ እንዲህ ይላል፤

«ማዘር፣ ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ? መቼ ነው የሚተላለፈው?»

«ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት። አንተ ግን ሐሙስ እንዳትል። ዛሬ ቅዳሜ በል።»

«ዛሬ ቅዳሜ። ቀላል ነው።»

በላቸው አቆመው። «እንዲህ ማለትሽ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። ትዝ አላለኝም። ለሁሉም እንግዳ የምለው ነበርና።

ያኔውኑ፣ ቢሮ ሳይዘጋ፣ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱም በምስክርነት ጠራኝ። የችሎቱን ዘገባ ለሌላ ባልደረባዬ አስረከብኩ፤ ምስክር የሆነ ሰው ያንኑ ጉዳይ አይዘግብም። በዚያ ትልቅ ዜና ላይ ስሜ ባለመኖሩ አልዋሽም፣ ቆጭቶኛል።

ቅጂው ሲከፈት ግጥሙ ላይ አድናቂዎቹ ፈገግ ማለት ጀምረው ነበር። «ዛሬ ቅዳሜ በል» የሚለው ድምፄ ሲመጣ ፈገግታቸው ጠፋ። ጠበቃው ተነሣ።

«ስለዚህ አድማጮችዎን ዋሽተዋል?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየቅዳሜው።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን እናምንዎታለን?»

«እኔን አትመኑ። ቅጂውን ስሙ፤ መዝገቡን እዩ።»

ጠበቃው ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ኬላን ሲያወጡት አጠገቤ ሲደርስ ቀስ አለ። አልተቆጣም። በዚያው ስቱዲዮ ውስጥ በነበረው ድምፁ፣ «ማዘር፣ በል ያልሽኝን ነው ያልኩት» አለኝ።

በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ ጽኑ እስራት ተፈረደበት። ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ የአዴ ጫልቱ ቃል ከቅጂውና ከመዝገቡ ጋር ሳይጋጭ መገኘቱን ለብቻው ጠቀሱ። አዴ ጫልቱ ደጅ ላይ እጄን ያዙኝ። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ ማመስገናቸው ነው። ቀጥለውም፣ «ጆሮዬ ጤነኛ ነው አላልኳቸውም?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ወርቁ ራሳቸው ማይክ ፊት ተቀምጠው አሠራራችንን ለአድማጭ ተናገሩ፤ ይቅርታ ጠየቁ። እኔን ለሦስት ወር ከዝግጅቱ አነሡኝ፤ እሳቸውም በዓመቱ ጡረታ ወጡ። ያጣነው አድማጭ ካለ አላስተዋልኩም።

ኬላን የሚያህል ራፐር ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ይህን መናገር ለአዴ ጫልቱ የሚከብድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን እውነት ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ምቱን የሠራው ገመቹ ነበር። ያን ሐሙስ ማለት የነበረብኝ ይህንን ነበር።

አሁንም ሐሙስ እንቀዳለን፤ መብራቱ ያው ነው። ለአዲስ ሪፖርተሮች በመጀመሪያ ቀናቸው የምነግራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህ ዝግጅት የተቀዳው ሐሙስ ነው» ብላችሁ ጀምሩ። የተቀዳበትን ቀን ተናገሩ። ሦስት ሰከንድ ይፈጃል።