የማይዘጋው ራዲዮ

ልጅ ሳለሁ ዮቪል በሚባለው ሰፈር የተከራየንበት ፎቅ መብራቱ በተቆረጠ ቁጥር እኛ ልጆች እልል እንል ነበር። ወላጆቻችን የፎቁን ባለቤት ሲረግሙ እኛ ደረጃውን እየዘለልን ጓሮ እንወርዳለን፤ መብራት በሌለ ምሽት ጎጎ ኖምሳ በተበሳሳ በርሜል ከሰል አያይዘው፣ ኩራዛቸውን ጡብ ላይ አስቀምጠው ተረት ይነግሩናልና። ጎጎ በዙሉ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ፎቁን የሚያጸዱ አሮጊት ነበሩ፣ የሥጋ ዘመዳችን አይደሉም፤ ነገር ግን አባቴና እናቴ ጀፕስታውን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ሲያከፋፍሉ ሲውሉ እኔን ሰሚራን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። የከሰሉ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ፊታቸውን ከሥር እያቀላው፣ ለመስማት እርስ በርስ እንጋፋ ነበር።

ያኔ ተረት የሚጀመረው በስምምነት ነው። ጎጎ «ክዋሱኬሱኬላ!» ይላሉ፣ እኛ «ቾሲ!» ብለን እንጮኻለን፤ እናቴ «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» እንደምላት ማለት ነው። ካልመለስንላቸው ጥንቸሏም ሰው በላውም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም።

አንድ ምሽት ከትምህርት ቤት ዘፈን ይዤ መጣሁ። አስተማሪያችን ለወላጆች ቀን ያስጠናችን፣ በሃምሳዎቹ ዓመታት የታወቀ የአንድ እንግሊዛዊ ዘፋኝ ዘፈን ነበር። ጎጎን ላስደስት ብዬ እሳቱ ፊት ቆሜ ዘፈንኩላቸው፤ መሐል ላይ ግን ግጥሙ ጠፋኝ። ጎጎ ዓይናቸውን ከፍሙ ላይ ሳያነሱ የጎደለኝን ቃል ነገሩኝ፤ ቀጥሎ ያለውንም፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። እኛ አጨበጨብን። እሳቸው አልሳቁም። ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና ክዋሱኬሱኬላ ሳይሉ ማውራት ጀመሩ።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ነጮች ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። እመቤቲቱ የለንደን ዘፈን ነፍሷ ነው። ልብስ ስተኩስ ራዲዮኑ ይዘፍናል፣ ሳጥብ ይዘፍናል። እኔ እንድነካው አይፈቀድልኝም። አንድ ቀን ጎረቤታችን እየሮጠ መጣና የመንግሥት መኪኖች ጥቁሮችን ሊያስለቅቁ ሰፈራችን ገብተው ቤት እያፈረሱ፣ ሰውን እንደ ዕቃ እየጫኑ ነው አለኝ። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ‹መጀመሪያ ሸሚዞቹን ጨርሺ› አለችኝና ራዲዮኑን ከፍ አደረገችው።»

ወደ ፍሙ ከሰል ጨመሩ። እኔ ሞኟ፣ የጎጎ ተረት ሲቋረጥ ማስቀጠል የለመደብኝ፣ «ቾሲ!» አልኩ።

«አይ ልጄ፣ ይሄ ተረት አይደለም» አሉኝ። «አትመልሽልኝ። ዝም ብለሽ ያዢው።»

ጎጎ ሸሚዞቹን ጨርሰው ሲደርሱ ቤቱም እናታቸውም አልነበሩም። እናታቸውን በሦስተኛው ቀን ከከተማው ውጪ፣ ዝናብ ሲወርድባቸው ባደረበት ሜዳ ላይ አገኟቸው፤ እናቲቱ ከዚያ ብርድ ሳይነሡ ሞቱ። «ዘፈኑን በቃሌ የያዝኩት ወድጄው እንዳይመስላችሁ» አሉ ጎጎ፣ «መዝጋት ስለማልችል ነው።» የወላጆች ቀን ሲደርስ አሞኛል ብዬ ቀረሁ።

ጎጎ ከሞቱ ቆይተዋል። እኔም ዛሬ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ዳቦና ዘይት እሸጣለሁ። እሑድ ከሰዓት ባንኮኒው ላይ ያለው ራዲዮ እነዚያኑ የሃምሳዎቹን እንግሊዛውያን ያስዘፍናል፤ አቅራቢውም በየዘፈኑ መሐል ያንን «የዋህና ንጹሕ ዘመን» እያነሣ ያዝናል። ንጹሕ! ለማን? ደሜ ይፈላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ግን የወጋው መርሳት አንሶት ይናፍቃል።

ከወር በፊት አቅራቢው «ትዝታችሁን በድምፅ ላኩልን» አለ። እኔም ላክሁ። መጋዘን ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ሸሚዞቹንም፣ የፈረሰውንም ቤት፣ ሜዳውንም አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ስሜን ሲጠራ ደንበኞቼን «ዝም በሉ፣ እኔ ነኝ!» አልኳቸው። ድምፄ ወጣ፦ «ጎጎዬ የእነዚህን ዘፈኖች ግጥም አንድም ሳያስቀሩ በቃላቸው ያውቁት ነበር።» ይኸው ነው። ሌላውን ቆርጠው ጥለውታል። «እንዴት የሚጣፍጥ ትዝታ ነው!» አለ አቅራቢው፣ ወዲያውም ዘፈኑን ለቀቀው።

ራዲዮኑን ከሶኬቱ ነቀልኩት። «ኤይሽ ሲሲ፣ እህቴ፣ ደስ ሲል ለምን ዘጋሽው?» አለችኝ ዳቦ የምትገዛ ሴት። እሷ ምን ታድርግ። የተናደድኩት በአቅራቢው ብቻ አልነበረም፤ ጎጎ ያዢው ያሉኝን አሳልፌ የሰጠሁ እኔው ነኝ፣ የሰጠሁትም ለማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው። ለጣቢያው ሰዎች ሦስት ጊዜ ጻፍኩላቸው፣ ሙሉውን አሰሙ ብዬ። መልስ የለም።

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ መብራት ሲጠፋ ጓሮ ከሰል አያያዝኩና የስምንት ዓመቷን ልጄን ሐያትን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ጀመርኩላት። «እማዬ፣ ተረት ተረት አላልሽም እኮ» አለችኝ። አልልም አልኳትና እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ ምንም አልቆረጥኩም። ዛሬም ያ ዘፈን በየትኛውም ሱቅ ሲለቀቅ አፌ ሳላዘው ግጥሙን ይከተላል፤ ከልጅነቴ ከቀሩልኝ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፣ እጠላዋለሁም።

ሐያት ፍሙን በእንጨት ቆሰቆሰች።

«እማዬ፣ ታዲያ ራዲዮኑን ማን ዘጋው?» አለችኝ።

ቾሲ የማይባልበት ጥያቄ ነበር።