በወንድሜ ስም የዘጋሁት በር

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬ አላውቅም። ልናገር እጀምርና ሌላ ኃጢአት ተናዝዤ እመለሳለሁ። ወንድሜ አስማረ ከሞተ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። ከእንግዲህ ዝም ማለት አልችልም።

አስማረ ጤና ረዳት ነበር። ወገዳ ከተማ፣ ከገበያው በላይ፣ በመንገዱ በኩል ባለችው ክፍላችን ሰው ያክም ነበር። የአልኮሉ ሽታ ዛሬም ይናፍቀኛል። ሕፃን ሊወጋ ሲል ያፏጭለታል፤ ልጁ ፉጨቱን ሲያዳምጥ መርፌው ገብቶ ይወጣል። ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለው ነበር። እሱ ደግሞ «ዶክተሩስ ደብረ ታቦር ነው ያለው፤ እኔ አስማረ ነኝ» ብሎ ይስቃል። ምን ዓይነት ሳቅ ነበር!

ከዚያ መመሪያው ተለወጠ። ጤና ረዳት ብቻውን ማከም አይችልም፤ ትምህርቱን ያላሻሻለ ይዝጋ ተባለ። አስማረ አልተከራከረም። «ልክ ናቸው፤ የማላውቀው ብዙ አለ» አለና ታፔላውን በገዛ እጁ አወረደ። መርፌ ዳግመኛ አልነካም። የመጣን በሽተኛ ግን አይመልስም። ደግፎ ጤና ጣቢያ ያደርሰዋል፣ እስኪታይ አብሮት ይቀመጣል። እኔ ይህን ፈራሁ። «አሁንም ያክማል» ብሎ የሚጠቁምበት ቢገኝስ? ቢታሰርስ? ተማሪ ነበርኩ፤ እኔን ማን ያስተምረኛል? አዎ፣ ለራሴም ነበር የፈራሁት።

አንድ ክረምት አያ ደምሴ የሚባሉ ገበሬ ሚስታቸውን በቃሬዛ አሸክመው መጡ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አስማረ ጓሮ ጎመን ይኮተኩታል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ዶክተር አለ?»

«አለ። ግን ከሕጉ ወዲህ በሽተኛ ደጄ አይምጣብኝ ብሏል።»

«እሱ? አስማረ? በአፉ?»

«በአፉ።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። የለም ብል ይበቃ አልነበር? ለምን በእሱ አፍ ተናገርኩ? ሁለተኛ እንዳይመጡ ነዋ! አያ ደምሴ ወደ ውስጥ አየት አደረጉና ተሸካሚዎቹን «በሉ አንሱ» አሏቸው። ሴትዮዋ ጤና ጣቢያ ደርሳ ዳነች። ወሬው ግን አገር ዞረ።

ገበያ ላይ «እንዴት ነህ ባለ ሕጉ! ደጅህን አልረገጥንብህም አይደል?» ይሉት ጀመር። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በኋላ ገበያ መውጣት ተወ። አንድ ማታ እራት ላይ «እኔ ምን አድርጌያቸው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጎርሼ ነበር። ማኘኬን ቀጠልኩ።

ጉበቱን ታሞ ሞተ። ለቀብሩ ሁሉም መጣ፤ የቀረ የለም። አስለቃሿ ቁመቱን አነሳች፣ መልኩን አነሳች። ስንቱን ደግፎ እንዳደረሰ ግን አላነሳችም። እዚያው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አለቀስኩ እንጂ አልተናገርኩም።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ሕጉ አስፈርቶኝ ነው ልበል? ሕጉ ዋሽ አላለኝም። ይቅርታ የምለምነው ሰው አፈር ለብሷል። እናንተ አስማረን ያማችሁት ግን ስሙኝ። እሱ ያን ቀን መምጣታችሁን አልሰማም። ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ የጓሮውን ጭቃ ሳይታጠብ፣ ቃሬዛውን ከትከሻችሁ ይቀበል ነበር።