ቀብሪበያ የቀረው ኢሜይል

«ጽሑፍሽን ለወጣቶች መድበላችን መርጠነዋል። እስከ ዓርብ ይሁንታሽን ካልላክሽልን ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል።»

ይህን በስልክ ያነበበልኝ አባቴ ነው፤ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከቀብሪበያ፣ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ አግኝቶት። እኔ ጅጅጋ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ መንገድ ላይ ጮህኩ። ባጃጅ ሁሉ ቆመልኝ።

ለእኔ የተጻፈ ኢሜይል እዚያ ምን ይሠራል? ጥፋቱ የራሴው ነው። አባቴ የሚሠራው ቀብሪበያ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ትምህርት ሲዘጋ አብሬው እየሄድኩ በቢሮው ትርፍ ኮምፒውተር እጽፍ ነበር። በብራውዘር ኢሜይሌን ከፍቼ ስጽፍ ታዲያ ኔትወርኩ መሀል ላይ ይቋረጥና የጻፍኩት እልም ይላል። የቢሮው ጸሐፊ አሳዘንኳት። «አባዮ» አለችኝ፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው፤ «እኛ የምንሠራበትን የኢሜይል ፕሮግራም ላስገባልሽ። ኔትወርክ ባይኖርም ትጽፊያለሽ፤ ሲመጣ ራሱ ይልክልሻል።»

እውነትም ላከልኝ። ጽሑፌ የሄደው በሱ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ጅጅጋ ቀረሁ። በየቀኑ በስልኬ ብራውዘር ኢሜይሌን እከፍታለሁ፤ ምንም የለም። አልወደዱትም ብዬ መጻፍ ሁሉ አስጠላኝ። ለካ ያ ፕሮግራም አዲስ መልእክት ሲመጣ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርድና ከኢንተርኔቱ ላይ ያጠፋዋል! ቢሮው እንደዚያ ያስተካከለው መልእክት እንዳይበዛበት ብሎ ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ተቀበልኩ።

ጸሐፊዋ ስልኩን ከአባቴ ነጠቀችው። «አንቺ! ሳምንት ሙሉ እዚህ ተጎልቶ እኮ ነው! ወደ ኢሜይልሽ መልሼ ልላክልሽ?»

«ኧረ ተይ፣ መልሶ ይውጠዋል! መጀመሪያ ፕሮግራሙን ዝጊልኝ።»

ስትስቅ ሰማኋት። ከዘጋችው በኋላ «እስማማለሁ» ብዬ ለመድበሉ አዘጋጆች በስልኬ ጻፍኩ። ሦስቴ እምቢ ብሎ በአራተኛው ሄደ። ሳይመሽ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ፤ አሁን ግን እጄ ላይ።

ማታ አባቴ «ታዲያ የቱ ይሻልሻል?» አለኝ።

«ለመጻፍ ፕሮግራሙ፤ መልስ ለመጠበቅ ብራውዘሩ። ግን ፕሮግራሙ የመጣውን እንዳያጠፋ ይስተካከልልኝ።»

«አሁን ገና ጸሐፊ ሆንሽ» አለና ሳቀብኝ።

በመልሳቸው መጨረሻ ላይ አዘጋጆቹ፣ በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ጅጅጋ ላይ ጽሑፎቻችንን እንደምናነብ ነግረውኛል፤ «የምትወጂውን ሰው ይዘሽ ነይ» ይላሉ። ስንት ሰው እንደሆነ አልጻፉም። ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ ኑ፤ የጻፋችሁትም ካለ ይዛችሁ ኑ።